መልስ፦ እርጉዝ ሆኜ ድዴ ይደማል፣ መቦረሽ ላቁም?

አብሽሪ እህቴ። የ5 ወር እርጉዝ እንደሆንሽ፣ ስትቦርሺ ድድሽ እንደሚደማና እናትሽ «እስክትወልጂ ተይው» እንዳሉሽ ጽፈሻል። እናትሽ አዝነውልሽ ነው፤ ግን አትተዪው። እኔም እዚሁ ደሴ ሁለተኛ ልጄን ሳረግዝ ይኸው ነበር የገጠመኝ።

በእርግዝና ሆርሞን ስለሚጨምር ድድ ቶሎ ያብጣል፣ ቶሎ ይደማል። ዋናው ጠንቅ ግን ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ላይ የሚጋገረው ቆሻሻ ነው። መቦረሽ ስታቆሚ ይጠነክርና ድንጋይ ይሆናል። ያኔ በቡሩሽ አይለቅም፣ ማሳጠብ ግድ ነው።

ለስላሳ ቡሩሽ ግዢ። ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና ጠዋትና ማታ 2 ደቂቃ፣ ቀስ እያልሽ ቦርሺ። አረፋውን ትፊው እንጂ ወዲያው በውሃ አትጉመጥመጪ። በየመንገዱ የሚሸጠው የወይራ መፋቂያም ጥሩ ነው፤ ጫፉን አኝከሽ አለስልሺው፣ ድድሽን እንዳትወጊበት። ካስመለሰሽ ደግሞ በውሃ ተጉመጥምጠሽ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ። ከሆድ የሚወጣው አሲድ የጥርስን ሽፋን ያለሰልሳል። ስኳር የበዛበት ሻይም ቀንሺ።

ሐኪም ቤት መሄድ አትፍሪ። ከ4ኛው እስከ 6ኛው ወር ለጥርስ ሕክምና የሚመች ጊዜ ነው፤ እርጉዝ መሆንሽን አስቀድመሽ ንገሪያቸው። በራስሽ ከፋርማሲ መድኃኒት እንዳትገዢ፣ አደራ! ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የሕፃኑን ጥርስ ቀለም ያበላሻል፤ አይቡፕሮፌን የሚባለው የሕመም ማስታገሻም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አይመከርም። ፊትሽ ካበጠ ወይም ካተኮሰሽ በዚያው ቀን ሂጂ።