ደሴ ላይ 50 ኮፒ የግድግዳ ሥዕል መጽሐፍ ለማውጣት

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው «ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር የግድግዳ ሥዕሎችን ፎቶ አንስተን 50 ኮፒ መጽሐፍ ልናወጣ ስንል ማተሚያ ቤቱ ከ500 በታች አልሠራም አለን፤ ምን ይሻላል?» የሚል ነው። አብሽሩ፣ ይሠራል።

ማተሚያ ቤቱ ያለምክንያት አልከለከላችሁም። ባለ ሙሉ ቀለም ኦፍሴት (የማተሚያ ቤቱ ትልቅ ማሽን) ለእያንዳንዱ የፎርም ገጽ፣ ማለትም በአንድ ጊዜ ለሚታተመው ትልቅ ወረቀት አንድ ፊት፣ 4 ፕሌት (ምስሉ የሚቀረጽበት የብረት ሰሌዳ) ይፈልጋል፤ የፕሌቱ ወጪ ለ50ም ለ5,000ም ያው ነው። ለእናንተ ጥሩ ሌዘር ፕሪንተር ያለው ኮፒ ቤት ይበቃል።

ልኩን ኤ5፣ ገጹን 32 አድርጉት። አንድ ኤ4 ሉክ ሲታጠፍ 4 ገጽ ነው፤ ስለዚህ ለአንዱ መጽሐፍ 8 ሉክ፣ ለ50ው 400 ሉክ። አንድ ደስጣ 500 ስለሆነ ለብልሽት 100 ይተርፋል። 80 ግራም (በካሬ ሜትር) ወረቀት ጥቁር የበዛበትን ፎቶ ወደ ጀርባው ያሳያልና 100 ግራም ፈልጉ። ለሽፋን ከ200 እስከ 250 ግራም።

ከሁሉ በፊት በባዶ ወረቀት ዳሚ፣ ማለትም የመጽሐፉን ናሙና፣ ሥሩ። 8 ሉክ ደራርባችሁ አጥፉ፣ ከ1 እስከ 32 ቁጥር ጻፉበት፣ ከዚያ ፍቱት። በውጪኛው ሉክ ላይ 32 እና 1፣ በጀርባው 2 እና 31 ጎን ለጎን ታገኛላችሁ። ጎን ለጎን ያሉት ሁለት ቁጥሮች ሁልጊዜ ድምራቸው 33 ነው፤ ካልሆነ አንድ ቦታ ተሳስታችኋል። ሁለት ገጽ የሚይዝ ረጅም ግድግዳ ካላችሁ 16 እና 17 ላይ አድርጉት፤ ፊት ለፊት የሚተያዩ ገጾች በአንድ ሉክ ላይ የሚታተሙት እዚያ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ግማሹ በአንዱ ሉክ ግማሹ በሌላው ስለሚወጣ መስመሩ አይገጥምም። ፊትና ጀርባ ሲታተም በአጭሩ ጎን ይገልበጥ በሉ፤ በረጅሙ ከሆነ ጀርባው ተዘቅዝቆ ይወጣል።

የስፕሬይ ደማቅ ሰማያዊና ብርቱካን ስክሪን ላይ ያበራል፣ ወረቀት ላይ ይደበዝዛል። የኮፒ ቤቱ ልጅ ጥፋት አይደለም፤ ፕሪንተሩ አራት ቀለሙን ቢቀላቅልም እዚያ ድምቀት ላይ አይደርስም። ስለዚህ ሽፋኑንና የመሃሉን ሉክ ብቻ በቀለም፣ ሌላውን በጥቁርና ነጭ እመክራለሁ። የፊደሉ ቅርጽና የእጁ አወራረድ እንዲያውም ጎልቶ ይታያል።

ፎቶ በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ፋይል ላኩ፣ አለዚያ ይጨመቃል። ሙሉ ኤ5 ገጽ በ300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) 1748 በ2480 ፒክስል ይፈልጋል። ለኮፒ ቤቱ ዎርድ ሳይሆን ፒዲኤፍ ስጡ፤ በፓወር ግዕዝ (የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፈ ፋይል ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ዝብርቅርቁ ይወጣል።

የክረምቱ ነገር ደግሞ አለ። የጦሳ ተራራ ጉም ሲወርድ ወረቀት እርጥበት ይስብና ይጠቀለላል፣ ማሽኑም ይነክሰዋል። ደስጣውን እስከ ማተሚያው ቀን አትክፈቱ። ኮምቦልቻ ዝቅ ስለምትል ችግሩ ይቀላል።

ወፍራም ሽፋን ዝም ብሎ ከታጠፈ ቀለሙ መታጠፊያው ላይ ይሰነጠቃል። ማስመሪያ ይዛችሁ ቀለሙ ባለቀ እስክሪብቶ መስመሩን ተጫኑት፣ ከዚያ እጠፉ። ተራ ስቴፕለር እስከ መሃል አይደርስም፤ በክር መስፋት ይሻላል። በወስፌ ሦስት ቀዳዳ ብሱ፦ አንዱን መሃል፣ ሁለቱን ከላይና ከታች ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብሎ። 60 ሳንቲ ሜትር ክር በሰም እሹ። ከውስጥ በመሃሉ ወጥታችሁ በላይኛው ግቡ፣ በውስጥ በኩል ወደ ታችኛው ሄዳችሁ ውጡ፣ በመሃሉ ተመለሱ፤ ሁለቱን ጫፍ ረጅሙን ክር መሃል አድርጋችሁ ቋጥሩ። የመሃል ሉኮች ወደ ውጪ ገፋ ብለው ይወጣሉ፤ ከተሰፋ በኋላ ጠርዙን አስቆርጡት፤ ጽሑፍና የገጽ ቁጥርም ከጠርዙ 10 ሚሊ ሜትር ይራቅ።

ሥዕሉ መንገድ ዳር ቢሆንም የሠዓሊው ሥራ ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት አለው። ሳይታተም ጠይቁት። ከእያንዳንዱ ፎቶ ሥር ስሙን (ካልፈለገ ታጉን፣ ማለትም ግድግዳ ላይ የሚፈርምበትን ቅጽል ስም ብቻ)፣ ሰፈሩንና የተነሳበትን ወር ጻፉ፤ ከ50ውም ሁለት ኮፒ ስጡት።