የደሴውን ቤት በቀን ለማከራየት፦ አልጋ ከመግዛትሽ በፊት ካርታውን አንብቢ

እህቴ፣ «ሰኞ ገበያ አካባቢ ያለውን የእናቴን ቤት ዕቃ አሟልቼ ለእንግዳ በቀን ላከራየው ነው፤ የኪራይ ግብር መክፈሌ ይበቃል ወይስ ንግድ ፈቃድ ላውጣ?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይበቃም። እኔ ይበቃል ብዬ ነው የከሰርኩት።

1. የይዞታ ካርታው ላይ የቦታው አገልግሎት የተጻፈበትን መስመር እዪ። የእኔ «መኖሪያ» ይላል። ይህን ያስተዋልኩት አራት ክፍል ቀለም አስቀብቼ፣ አልጋና ፍራሽ ከኮምቦልቻ አስጭኜ፣ ሮቶ አሰቅዬ፣ የውሃ ማሞቂያ አስገጥሜ ከጨረስኩ በኋላ ነው። ያንቺም መኖሪያ እንደሚል አልጠራጠርም፤ የእናት ቤት ነዋ።

2. ቢሮ የሚነግሩሽን ሁሉ በጽሑፍ ይስጡሽ። እኔ መጀመሪያ ስጠይቅ አንዱ ሠራተኛ ስልኩን እያወራ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «የቤት ኪራይ ግብርህን ክፈል፣ ሥራ» አለኝ። አመንኩት። አምስት ወር ሠራሁ፤ ግብሬንም ከፈልኩ። መስከረም ሲገባ ሌሎች መጥተው ያለ ፈቃድ ፔንሲዮን ከፍተሃል ብለው በሩን አሸጉት። ፎጣዎቼ ገመድ ላይ እንደተሰጡ ቀሩ። ቢሮ ሄጄ እንዲህ ብላችሁኝ ነበር ስል፣ ያው ሰውዬ ሰው በተሰለፈበት «ማን ግዛ አለህ?» ብሎ ፋይሌን ወረወረልኝ። አባቴ በሠራው ቤት፣ በገዛ ከተማዬ እንደ ሌባ መቆሜ ከገንዘቡ ይልቅ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ነገሩ ግን እንዲህ ነው። ቤትሽን ለሚኖርበት ሰው ስታከራዪ ገቢው በገቢ ግብር አዋጁ ሠንጠረዥ «ለ» የኪራይ ገቢ ነው፤ ለዕቃው የሚከፈልሽም እዚያው ይገባል። በየቀኑ እንግዳ እየቀያየርሽ አንሶላ የምታጥቢ ከሆነ ግን ንግድ ነው፣ ሠንጠረዥ «ሐ»። የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ፣ ቁጥር 1320፣ ውሉ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያውም ከ2 ወር አይብለጥ የሚለው ለነዋሪ ተከራይ ነው። አንዷ ጎረቤቴ ይህንን ሰምታ እንግዳ ሁለት ዓመት ሊቀመጥብኝ ነው ብላ ቤቷን ዘግታ ተቀምጣለች።

3. ወቅቱን አስቢ። የታሸገብኝ ግሸን ሊደርስ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ንግሡ መስከረም 21 ነው፤ በዚያ ሰሞን ደሴ አልጋ ይጠፋል። ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዎች ቀብድ ልከውልኝ ነበር። ቀብዱን መልሼ፣ አሳፍሬ ሜዳ ላይ ከምጥላቸው ብዬ ከራሴ ቤት ሳሎን ፍራሽ አነጠፍኩላቸው። ባለቤቴ ሌሊቱን እንጀራ ስትጋግር አደረች። አንድም ብር አልተቀበልኩም። ዛሬ ፈቃዴን ካወጣሁ በኋላ በየዓመቱ የሚመጡት እነሱ ናቸው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስን ለማየት ዘመዶቻቸውንም ይልካሉ።

ብርድ ልብሱን ደግሞ አታሳንሺ። ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ በሸሚዝ የወረደ እንግዳ 25 ኪሎ ሜትሩን ወጥቶ ደሴ ሲደርስ የጦሳ ጭጋግ ይቀበለዋል፤ በአንድ ብርድ ልብስ አያድርም። ሮቶውንም ማታ ማታ እዪው፤ ውሃው በፈረቃ ነው።

የእንግዳውን መታወቂያ ሳትመዘግቢ ቁልፍ አትስጪ፣ የሰፈር ሰው ቢሆንም።

አብሽሪ፣ ይሆናል። የእኔ ካርታ ከመኖሪያ ወደ ንግድ የአገልግሎት ለውጥ ሰባት ወር ፈጅቶ ወጥቷል። ብቻ ካርታው በእናትሽ ስም ከሆነ ውክልናውን ከነቅጂው ይዘሽ ሂጂ፤ እኔ የአባቴን ሳልይዝ ሄጄ ከረፋድ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ተሰልፌ መስኮቱ ላይ ስደርስ ነው የመለሱኝ።