የካርታ ማጭበርበሪያ ዘዴ ማጋለጥ ያስጠይቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ናይሮቢ ውስጥ በአንድ ካዚኖ ካርታ አዳይ ሆኜ ሠርቻለሁ። አሁን ቆማሪዎች የሚያጭበረብሩበትን ዘዴ በቪዲዮ እያሳየሁ ነው። ዘዴው ከታወቀ ካዚኖዎቹ ይጠነቀቃሉ ብዬ ነው። ጓደኞቼ ግን «ሌባ እያሠለጠንክ ነው፤ ትታሰራለህ» ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ ማጋለጥ ብቻውን ወንጀል አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 መረጃ የማሰራጨት ነፃነት ይሰጥዎታል። ጣጣው የሚመጣው ለማንና ለምን እንደነገሩ ሲጠየቅ ነው። አንድ ሰው ከቡሬ ደውሎ «ዛሬ ማታ ኮንከን አለብኝ፣ አሳየኝ» ቢልዎትና እያወቁ ቢያሳዩት፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። ያ ሰው ካጭበረበረ፣ በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 37 መሠረት መረጃ ወይም ምክር የሰጠ ሰው በአባሪነት ሊከሰስ ይችላል። አታላይነት ደግሞ በአንቀጽ 692 እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 5 ዓመት ጽኑ እስራት ያደርሳል።

ካዚኖዎቹን ይጠቅማል ወይ ላሉት፣ እኔ ይጠቅማል ባይ ነኝ። ግን መድኃኒቱ በቤቱ (በካዚኖው) እጅ ሲሆን ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ፊል አይቪ የተባለ ቁማርተኛ ለንደን ክሮክፎርድስ ውስጥ 7.7 ሚሊዮን ፓውንድ አሸነፈ። የካርታዎቹ ጀርባ ጌጥ በሁለቱ ጠርዞች እኩል አልነበረም። አብራው የነበረችው ሴት ለዕድል ነው በሚል ሰበብ አዳይዋ አንዳንድ ካርታዎችን እንድታዞር አደረገች። ከዚያ በኋላ ትልልቆቹን ካርታዎች ከጀርባቸው መለየት ተቻለ። ካዚኖው አልከፍልም አለ። በ2017 የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህ ማጭበርበር ነው ብሎ ለካዚኖው ፈረደ። ፍርዱ ዘዴውን አንድ በአንድ ዘርዝሮ ለሕዝብ ይፋ አድርጎታል! መከላከያው ግን ቀላል ነው፦ ሲበወዝ የካርታውን ከፊል ማዞር፣ ጠርዙ የማይለያይ ካርታ መግዛት። እንዲህ ዓይነቱ ቢታወቅ ቤቱ ምንም አይጎዳም።

የእጅ ቅልጥፍና ግን እንዲያ አይደለም። ካሜራና ተቆጣጣሪ በሌለበት የጓዳ ቁማር፣ ቪዲዮዎን ጀማሪው አጭበርባሪም ይማርበታል። ስለዚህ አሠራሩን ሳይሆን ምልክቱን ያሳዩ። ተጫዋቹ ሳይበላ ቀድሞ እንዲነቃ ማለቴ ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ ደመወዙን በአንድ ሌሊት የሚያስረክበው ሰው ነው፤ ካዚኖው ጠበቃም ካሜራም አለው።

ሁሉንም ማጭበርበር ነው አይበሉ። ለምሳሌ በኔቫዳ ካርታን በጭንቅላት መቁጠር ወንጀል አይደለም፤ በመሣሪያ ማስላት ግን ወንጀል ነው። የሰው ስም ጠርተው «አጭበርባሪ» ማለትም የስም ማጥፋት ክስ ያመጣብዎታል።

ከሁሉም በላይ የሥራ ውልዎን ይመልከቱ። ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ ከፈረሙ፣ ሥራ መልቀቅዎ ብቻውን ነፃ ላያወጣዎት ይችላል። የካሜራ ቦታ፣ የጥበቃ ፈረቃ፣ የገንዘብ አወጣጥ በፍጹም አይንኩ። አዲስ ክፍተት ካዩ መጀመሪያ ለቤቱ በጽሑፍ ያሳውቁ፣ ቅጂውን ያስቀሩ፣ ማስተካከያ ጊዜ ይስጡ። ውሉን ለጠበቃ ሳያሳዩ ስለዚያ ካዚኖ ሌላ ቪዲዮ አይልቀቁ።