ሐይቅ ዳር አጠገብ ስላለው ክፍት ቦታ ለተነሣው ጥያቄ፦ ከንድፉ በፊት ስለሚሠራው ሥራ

ውድ ጠያቂያችን፣ በሰፈራችሁ ከጣና ዳር ብዙም ሳይርቅ ያለው፣ በበጋ አቧራ በክረምት ረግረግ የሚሆነው ክፍት ቦታ ሱቅ፣ ካፌ፣ መናፈሻና የመሰብሰቢያ ሜዳ ያለው አደባባይ እንዲሆን መታሰቡን፣ እርስዎም በነዋሪው ኮሚቴ ውስጥ መመረጥዎን ገልጸው «ከምን እንጀምር? አሁን እዚያ ቡና የሚያፈሉትና ሊስትሮዎቹስ የት ይሂዱ?» ብለው ጠይቀዋል። እኔ በባሕር ዳር በግንባታ ተቆጣጣሪነት በሠራሁባቸው ዓመታት እንዲህ ባሉ ሁለት ቦታዎች ላይ ተሳትፌአለሁ። አንደኛው ዛሬም ከንጋት እስከ ምሽት ሰው አይለየውም፤ ሁለተኛው ግን በተመረቀ በሁለተኛው ዓመት በሽቦ ታጥሮ ቁልፉ በጥበቃው ኪስ ገባ። የወጣባቸው ገንዘብ ተቀራራቢ ነበር፤ የሁለተኛው ንድፍ እንዲያውም በወረቀት ላይ ሲታይ ይበልጥ ያምር ነበር።

በመጀመሪያው ቦታ አንድ የሥራ ቀን፣ አንድ ቅዳሜና አንድ እሑድ፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ተራ በተራ ተቀምጠን ማን እንደሚመጣ፣ ከየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚቀመጥና መቼ እንደሚነሣ መዝግበናል። «ባዶ ቦታ» እየተባለ በስብሰባ ሲነገርለት የነበረው ስፍራ ሰዓት የሚለዋወጡ ብዙ ባለቤቶች እንዳሉት ያየነው ያን ጊዜ ነው፦ ማለዳ ከኪዳን የሚመለሱ አረጋውያን፣ ቀጥሎ የቀን ሥራ የሚጠብቁ ወጣቶችና የባጃጅ ሾፌሮች፣ ከሰዓት በኋላ ተማሪዎች፣ ሲመሽ ደግሞ ከሐይቁ ዳር የሚመለሱ ቤተሰቦች። ቡና የሚያፈሉት እናቶች ጠዋት ከዋርካው በስተ ምዕራብ ተቀምጠው፣ ከሰዓት በኋላ ረከቦታቸውን አንሥተው ወደ ምሥራቅ ይዞሩ ነበር፤ ጥላውን እየተከተሉ ማለት ነው። የመቀመጫዎቹን ቦታ የወሰነው አርክቴክቱ ሳይሆን ይህ መዝገብ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በሁለተኛው ቦታ ግን ሰው በእግሩ ያወጣውን፣ ሜዳውን ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጠውን መንገድ በአበባ መደብ ዘጋነው። አበባው ወር ሳይሞላው ተረገጠ፤ አበባውን ለማዳን አጥር ተሠራ፤ አጥሩም ሰውን አስቀረ። እኔም በዚያ ንድፍ ላይ ከፈረሙት አንዱ ነኝና ጥፋቱን ለሌላ አላደርገውም።

ከቆጠራው ቀጥሎ የምመክራችሁ የውኃን ነገር ነው፤ በዚህ ላይ ረዘም ብል ይቅር በሉኝ። በባሕር ዳር በዓመት ከሚዘንበው 1,400 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ የጣና ውኃም ክረምቱን ሲሞላ ቆይቶ ከፍ የሚለው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ነው። ስለዚህ ለሐይቁ በቀረበ ቦታ ላይ የአፈር ምርመራ ጉድጓድ በግንቦት ተቆፍሮ «ደረቅ ነው» ቢባል አትመኑ፤ ያው ጉድጓድ በመስከረም መጨረሻ ውኃ ሊያቆር ይችላል። አዲስ አበባ የሚገኘው መስቀል አደባባይ በ2013 ዓ.ም. ታድሶ ሲመረቅ ከመሬት በታች የመኪና ማቆሚያ ስለተሠራለት ብዙ ኮሚቴ ያንኑ ይመኛል፤ ሐይቅ ዳር ላይ ግን እንዲህ ያለ ቤዝመንት ዘለዓለም በፓምፕ ውኃ መቅዳትን ያስከትላል። መኪናውን በዙሪያው ባለው መንገድ ዳር አቁሙት፤ ባጃጅ ተራውን ደግሞ ወደ ሩቅ ጎዳና ሳትገፉ፣ ከሜዳው ጠርዝ ላይ በግልጽ የተሰመረ ቦታ ስጡት።

የንጣፉን ነገር በተመለከተ፣ ኮብልስቶን ለእኛ ከተማ ተስማሚ ነው ብዬ አምናለሁ። ድንጋዩም ጠራቢውም እዚሁ ይገኛል፤ ሲበላሽ በቁራጭ ይነሣል፤ በአሸዋ ላይ ስለሚነጠፍም ከዝናቡ ጥቂቱን ወደ ታች ያሰርጋል። ነገር ግን ዝንባሌው ከመቶ ሁለት ካነሰ ውኃው መሐል ላይ ይተኛል። በክዳን የታፈነ ቦይ በፌስታልና በፕላስቲክ ጠርሙስ ሲደፈን ማንም ሳያይ ይቆያል፤ ስለዚህ በቀላሉ የሚነሣ የብረት ፍርግርግ አድርጉለት፣ ውኃው ወደ ሐይቁ ከመውረዱ በፊትም ቆሻሻና ደለል የሚያስቀር ጉድጓድ ይኑረው። እምቦጭ ጣና ላይ ያደረሰውን የምናውቅ ሰዎች፣ የአደባባያችንን እጣቢ በቀጥታ ወደዚያው ብንለቅ ያስነውረናል።

ዘንባባ የከተማችን መልክ ነው፤ የከተማችንን ማስተር ፕላን ባወጣው በጀርመናዊው ማክስ ጉተር ዘመን በተቀየሱት ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ሲታይ ያምራል። ለተቀማጭ ሰው ግን በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ የሚጠቅም ጥላ የለውም። ያለውን ዋርካ ወይም ሾላ አትቁረጡ፤ ዙሪያውን እስከ ቅርንጫፉ ጫፍ ድረስ ድንጋይ ሳታነጥፉ ተዉት፤ አለበለዚያ ወይ ዛፉ ይታፈናል ወይ ሥሩ ንጣፉን ያነሣዋል።

አሁን ወደ ሱቆቹ ልምጣ፤ ብዙ ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና። በሁለተኛው ቦታ የንግዱ ክፍል በሙሉ ለአንድ ካፌ ተሰጠ። ካፌው ወንበሩን ወደ ሜዳው እያወጣ፣ ጃንጥላውን እያስፋፋ፣ በመጨረሻ ሳይገዛ የሚቀመጥ ሰው የሚገላመጥበት ቦታ ሆነ። በመጀመሪያው ግን ሱቆቹ ትናንሽ ሆነው በሁለት ጎን ብቻ ተሠሩ፤ በራቸው ወደ ሜዳውም ወደ መንገዱም ይከፈታል፤ ከላያቸው ያሉት ክፍሎች ለልብስ ሰፊ፣ ለፀጉር ቤትና ለኮምፒውተር ማሠልጠኛ ተከራዩ። እነዚህ እስከ ምሽት ስለሚሠሩ መብራታቸውና መስኮታቸው ከጥበቃው ይልቅ ቦታውን ይጠብቃል። መሬቱ በማዘጋጃ ቤቱ እጅ ቆይቶ ሱቆቹ በአጭር ውል ቢከራዩ ይሻላል እላለሁ፤ በሊዝ ለአልሚ የተላለፈ መሬት ለአሥርተ ዓመታት ስለማይመለስ የመጀመሪያውን ስሕተት ማረም አይቻልም። የኪራዩም ገንዘብ ወደ ጠቅላላው ካዝና ገብቶ እንዳይጠፋ፣ ለጽዳት፣ ለአምፖልና ለሽንት ቤቱ የሚውለው ድርሻ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሽንት ቤት የሌለው አደባባይ እናቶችንና አረጋውያንን በግማሽ ሰዓት ያባርራል፤ ሴፕቲክ ታንኩም መምጠጫ መኪና የሚደርስበትና ውኃ የማያሰርግ ይሁን።

ቡና የሚያፈሉትንና ሊስትሮዎቹን «የት ይሂዱ» ላሉት፣ የትም አይሂዱ ነው መልሴ። እኛ ግንባታውን በሁለት ከፍለን፣ ግማሹ ሲቆፈር በግማሹ እንዲሠሩ አደረግን፤ ሲያልቅም ከዛፉ ሥር ቁጥር የተሰጠው፣ የውኃ ቧንቧና የአመድና የአተላ መጣያ ያለው ቦታ በስማቸው ተመዘገበ። ምዝገባው ሥራው ከመታወጁ በፊት መደረግ አለበት፤ ወሬው ከተሰማ በኋላ አይታችሁት የማታውቁት «ነባር ነጋዴ» ይበዛባችኋል።

መሐሉን ክፍት ተዉት፤ ፏፏቴም ሐውልትም አትትከሉበት። ታቦታት በጥምቀት ወደ ሐይቁ የሚወርዱበት መንገድ በእናንተ በኩል የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ በበዓሉ ዕለት ቆሙና የሕዝቡን ስፋት ለኩ፤ የመተላለፊያውን ወርድ ከዚያ ውሰዱ። ቆጠራውን በኅዳር ብትጀምሩት፣ የዝናቡን ወራት ደግሞ ውኃው የሚተኛበትን ቦታ በካስማ ምልክት እያደረጋችሁ ብትጠብቁ፣ ንድፍ አውጪው በሚቀጥለው መስከረም ሲመጣ የምታሳዩት ነገር ይኖራችኋል።