መልስ፦ በስኳር ፋንታ የማጣፈጫ ክኒን ያከሳል ወይ?

አብሽሪ እህቴ፣ ሻይሽን በማጣፈጫ ክኒን ብትጠጪ ትከሺ እንደሆነ ጠይቀሻል። ለጊዜው ሊያግዝሽ ይችላል። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 16 ካሎሪ ገደማ ነው፤ እዚህ ደሴ ፒያሳ ደግሞ ለአንዲት ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ሳይጠይቁሽ ነው የሚያማስሉልሽ! በቀን አምስት ብርጭቆ ከጠጣሽ 240 ካሎሪ ገባ ማለት ነው።

ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ክብደት ለመቀነስ ብላችሁ ማጣፈጫዎችን አትጠቀሙ ብሏል፤ በረጅም ጊዜ የሰውነት ስብ ሲቀንሱ አልታየም። ምክሩ የስኳር ሕመም ያለባቸውን አይመለከትም። ካንሰር ያመጣል የሚባለው አስፓርቴም (በአንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው ማጣፈጫ) ላይ ያለው ማስረጃ ውስን ነው፤ የሚፈቀደው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደት 40 ሚሊግራም ስለሆነ፣ ያን ለማለፍ ክኒኑን በእፍኝ መቃም ይኖርብሻል።

እኔን ካልሽ ስኳሩን በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነስሽ ጦስኝ ጣል አድርጊበት፤ ገበያው ሞልቶታል።