ጥንካሬውን ለክታችሁ ብቻ አትሂዱ

ልጆች፣ በዚህ ሙያ ገና ስትጀምሩ ቁጥር ቶሎ ያሳምናችኋል። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አንድ የተሰነጠቀ የባቡር መንኮራኩር ሰጡኝ፤ ጥንካሬውን ለካሁ፣ ልክ ነው። የካርቦን መጠኑንም አየሁ፣ ልክ ነው። “ብረቱ ምንም የለበትም” ብዬ ሪፖርት ጻፍኩ። በዕድሜ የገፉ አንድ የወርክሾፕ ሰው ግን ምንም ሳይሉኝ መጋዝ አመጡና ጠርዙን ከውጭ ወደ መሃል ቆረጡት። የተቆረጠው ቦታ ከፈት አለ። ጤነኛ መንኮራኩር ቢሆን ግን መግጠም ነበረበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መንኮራኩሩ ሲሠራ ሙሉው ይግላል፣ ውሃ የሚረጨው ግን ጠርዙ ላይ ነው። ጠርዙ ቀድሞ ቀዝቅዞ ይጠነክራል፤ መሃሉ ዘግይቶ ሲቀዘቅዝና ሲኮማተር ጠርዙን ወደ ውስጥ ስቦ ይጨምቀዋል። በተጨመቀ ብረት ላይ ስንጥቅ ቢጀምር እንኳ አፉን መክፈት ይቸግረዋል። ሁሉም ሰው ስለ ጥንካሬ ያወራል፤ እኔ ግን ከውሃው የምናገኘው ትልቁ ነገር ይህ መጨመቅ ነው ባይ ነኝ።

እሱን የሚነጥቀን ደግሞ ፍሬን ነው። ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጠርዙን እየፈተገ ሲያግለው ጠርዙ ሊሰፋ ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛው መሃል አያሰፋውም፣ ስለዚህ እዚያው ተጨፍልቆ ይቀራል፤ ሲቀዘቅዝ ታዲያ ያጥራል፣ መጨመቁም ወደ መወጠር ይዞራል። ጥንካሬ መለኪያችሁ ይህን አይነግራችሁም። ጎማው ተቆልፎ ሐዲዱ ላይ ሲንሸራተትማ ሌላ ጣጣ አለ፦ ፊቱ ከ700 ዲግሪ በላይ ይግልና የራሱ ቀዝቃዛ አካል ወዲያው ሙቀቱን ይመጥጠዋል፣ ማርቴንሳይት የሚባል ጠንካራ ግን ተሰባሪ የብረት ዓይነት ይሆናል፣ ከዚያ እየተላጠ ይረግፋል።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊው ኦገስት ቮለር የባቡር ዘንጎችን እያሽከረከረ፣ ብረት አንዴ ሲጫንበት ከሚችለው በጣም ባነሰ ጭነትም ከተደጋገመበት እንደሚሰበር አሳየ። ዲያሜትሩ 92 ሳንቲሜትር የሆነ ጎማ በ1 ኪሎ ሜትር ወደ 346 ጊዜ ይዞራል። 3,000 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ሚሊዮን አለፈ ማለት ነው! ይህን የብረት ድካም ስታሰሉ ታዲያ ጭነቱንና ዙሩን ብቻ አትያዙ፤ ይህ ጎማ ስንት ጊዜ ጋለ፣ ፍሬኑ ተጣብቆ ያውቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የእኔው ጎማ ፍሬኑ ተጣብቆ ብዙ መንገድ ሄዷል። የጥገና መዝገቡ ላይ ተጽፏል። መዝገቡም ሪፖርቱን ስጽፍ እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።