ዲናዩ ትክክል ነው፣ ቦታው ነው የተሳሳተው

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ባጭሩ ይሄ ነው አይደል? ከ192.168.20.15 ተነስቶ ወደ ሰርቨሩ 192.168.10.5 የሚሄደውን ሪሞት ዴስክቶፕ (ኮምፒውተርን ከሩቅ መቆጣጠሪያውን) ለመዝጋት ሲስኮ ራውተርህ ላይ፣ አክሰስ-ሊስት በሚባለው የይለፍ-አይለፍ ዝርዝር ውስጥ፣ ዲናይ (አይለፍ የሚል መስመር) ጻፍክ፣ ሰውየው ግን አሁንም እንደልቡ ይገባል። ሊስቱን አጥፍተህ ዲናዩን ብቻውን ስታስገባው ደግሞ ቢሮው ሁሉ ተቆረጠ። እኔም ጀማሪ እያለሁ ሁለቱንም በአንድ ቀን አድርጌያቸዋለሁ፣ ስለዚህ አትፈር።

የለጠፍከው ሊስት 110 ላይ ፐርሚት አይፒ ኤኒ ኤኒ (ከየትም ወደ የትም የሚሄድ ሁሉ ይለፍ) ተራ ቁጥር 10 ላይ ነው፣ ዲናዩ 20 ላይ። ራውተሩ ከላይ ወደ ታች ነው የሚያነበው። ፓኬቱ (በኔትወርኩ የሚሄደው የመረጃ ቁራጭ) መጀመሪያ ማች ያደረገው፣ ማለትም የገጠመው፣ መስመር ላይ ይወሰናል፣ ከዚያ በታች ምን እንደተጻፈ ማንም አያየውም። ኤኒ ኤኒ ደግሞ የማይነካው ፓኬት የለም። ዲናይህ እዚያ ቁጭ ብሏል፣ ግን እሱ ጋ የሚደርስ የለም።

ሁለተኛው ሙከራህን የበላው የማይታየው መስመር ነው። እያንዳንዱ ሊስት መጨረሻ ላይ ዲናይ አይፒ ኤኒ ኤኒ አለ፣ ሊስቱን ለማየት ሾው ስትል ግን አይወጣም። ፐርሚት የሌለው ሊስት ማለት ሁሉንም የሚዘጋ ሊስት ማለት ነው። እኔ እሱን መስመር ራሴ መጻፍ ነው የምወደው። የተጻፈ ከሆነ ስንት ፓኬት እንደመታው ቆጣሪ ይወጣለታል፣ የተደበቀው ግን አይቆጥርልህም። ሎግ ልትጨምርበት ትችላለህ፣ ብዙ ትራፊክ ያለበት ራውተር ላይ ግን ሲፒዩውን ስለሚያስጨንቀው ስትመረምር ብቻ አብራው።

መፍትሔው ቀላል ነው። አይፒ አክሰስ-ሊስት ኤክስቴንድድ 110 ብለህ ግባና ዲናዩን በ5 ቁጥር አስገባው፣ ከዚያ ተራ ቁጥር 20 ላይ ያለውን አጥፋ። በድሮው መንገድ ኖ አክሰስ-ሊስት 110 ብለህ ዲናዩን ከኋላው ብትጽፍ አንዱን መስመር ሳይሆን ሊስቱን በሙሉ ነው የሚያጠፋው። ስንቱን ሰው ጉድ ሠርቷል።

አቅጣጫውንም አደራ። ከ20 ኔትወርክ (192.168.20 ብሎ ከሚጀምረው) የሚነሳን ትራፊክ ልትይዝ ከሆነ ሊስቱ የ20 ኢንተርፌስ (ራውተሩ ከዚያ ኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር) ላይ ኢን፣ ማለትም ወደ ራውተሩ ሲገባ የሚያጣራ፣ መሆን አለበት። አውት ካደረግከው ራውተሩ የሚያየው ወደ 20 የሚመለሰውን ነው፣ እዚያ ላይ 20.15 መድረሻ እንጂ ምንጭ አይደለም፣ ዲናዩም አይነካውም።

ነገ ሙሉውን 20 ኔትወርክ ልዝጋ ካልክ ደግሞ ማስኩን ተጠንቀቅ። ራውተር ላይ የሚጻፈው ዋይልድካርድ (0 ያለበት ይመሳከር፣ 255 ያለበት ይታለፍ የሚል የተገለበጠ ማስክ) ነው፣ 0.0.0.255። በልማድ 255.255.255.0 ካልክ ራውተሩ አያኮርፍም፣ ዝም ብሎ ይቀበልሃል። ትርጉሙ ግን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቁጥሮች አትይ፣ የመጨረሻው 0 ይሁን ማለት ይሆናል። እንዲህ ያለ አድራሻ የያዘ ኮምፒውተር ኔትወርክህ ላይ የለም፣ ስለዚህ ዲናይህ ማንንም አይነካም። አንድ ጊዜ ይቺን ስፈልግ ግማሽ ቀን አቃጥያለሁ። ነገሩን የሚያወሳስበው ኤኤስኤ (የሲስኮ ፋየርዎል) ላይ ተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፣ እሱ የሚፈልገው የተለመደውን ማስክ ነው።

አንድ የራሴን ጉድ ልንገርህና። ማታ ከቤት ሆኜ ሩቅ ያለ ራውተር ላይ ዲናይ ስጨምር፣ እኔ ራሴ የምገባበት ኔትወርክ በዲናዩ ውስጥ እንዳለ አላየሁም። ኢንተር ነካሁ፣ ስክሪኑ ደረቀ። ራውተሩ ያለበት ድረስ ሄጄ ኮንሶል ሰክቼ ነው ያስተካከልኩት። ከዚያ ወዲህ እጄ ሳይነካ ሪሎድ ኢን 10 እላለሁ። ራሴን ከቆለፍኩ በ10 ደቂቃ ውስጥ ተነስቶ ወደ ድሮው ኮንፊግ ይመለሳል። ሁሉ ነገር ከሠራ ሪሎድ ካንስል እልና ያን ጊዜ ሴቭ አደርጋለሁ። ቀድመህ ሴቭ ካደረግክ ግን ሲነሳም የቆለፈህን ሊስት ይዞ ነው የሚነሳው።

ሌላው ጥያቄህ፣ ኤኤስኤ ላይስ ያው ነው ወይ ላልከው፣ ቅደም ተከተሉ ያው ነው። ልዩነቱ ኤኤስኤ የተከፈተን ግንኙነት ያስታውሳል። ሰውየው ቀድሞ ገብቶ ከነበረ ዲናይ ጽፈህም ስክሪኑ ክፍት ሆኖ ታገኘዋለህ። ክሊር ኮን ብለህ የሱን አድራሻ ብቻ ቁረጥ፣ አድራሻ ሳትሰጠው ብትነካው የሌላውም ሰው ግንኙነት አብሮ ይቆረጣል።

በዚያው አይሲኤምፒን (ፒንግና የኔትወርክ የስህተት መልእክቶች የሚሄዱበትን) በሙሉ ዲናይ የማድረግ ሐሳብህን ተወው። ትናንሽ ነገር ይከፈታል፣ ትልቅ ፋይል መሃል ላይ ይሰቀላል፣ አንተም ጥፋቱን ፋየርዎሉ ላይ ሳትጠረጥር ኬብል ስትቀይር ትውላለህ። ፓኬቱ ትልቅ ሆኖ አላልፍ ሲል አሳንሰህ ላክ የሚለው መልእክት የሚመጣው በአይሲኤምፒ ነዋ።

አሁን 5ቷን አስገባና ሰውየው እንዲሞክር አድርግ። ከዚያ ሾው አክሰስ-ሊስት 110 ብለህ ከዲናዩ ጎን ያለው ቁጥር ከፍ ማለቱን እይ። ካልጨመረ ውጤቱንና የኢንተርፌሱን ኮንፊግ እዚሁ ለጥፈው፣ ፓስዎርዱን አጥፍተህ።